አንድ ወንበር ለሁለት

የካቲት 12

አውቶቡስ ውስጥ ነው የምጽፈው፣ ጉልበቴ ላይ። ፊደሉ ቢወላገድ ጥፋቱ የመንገዱ ነው።

እንደ ማንኛውም ቀን። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይት፣ ቤቶቹ የሚሠሩበት ግቢ ደረስኩ፣ ጫማ ቀየርኩ፣ የከፍታ መለኪያውን፣ የሌቭሉን ሦስት እግር ትከሻዬ ላይ ጥዬ ወጣሁ። እትዬ ስታፉን ተደግፋ ትጠብቀኛለች። "አንቺ ተማሪ፣ ዛሬም ፊትሽ ከትናንት የተረፈ ይመስላል" አለችኝ። እሷ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታፍ ይዛለች፣ ደክሞኛል ስትል ግን ሰምቻት አላውቅም። እኔ ገና ሳልጀምር...

ባለፈው እማ ሥራሽ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከአምስት ዓመት በኋላ! ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ አለ፣ ስታፍ ይባላል፣ እትዬ መሬት ላይ ታቆመዋለች፣ እኔ በሌቭሉ መነጽር ቁጥሩን አነባለሁ፣ ከዚያ መሬቱ የቱ ጋ ከፍ፣ የቱ ጋ ዝቅ እንደሚል አሰላለሁ አልኳት። አዳምጣ ስትጨርስ፣ "አንዷ ዘንግ ትይዛለች፣ አንዷ ታያታለች... ለዚህ ነው አምስት ዓመት?" አለች።

አምስት ዓመት። ሦስት ወር ክፍል፣ ሦስት ወር ሥራ፣ ደግሞ ክፍል፣ ደግሞ ሥራ። ቅየሳና ሲቪል ምህንድስና በአንድ ላይ፣ ሁለት ዲግሪ። ሲመዘግቡን "ጣምራ" ሲሉት ደስ ይል ነበር። ድካሙም ጣምራ መሆኑን ማን ነገረን? አንዱን ስለምድ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። ክፍል ውስጥ ጭቃ ይናፍቀኛል፣ ጭቃ ውስጥ ወንበር ይናፍቀኛል።

የካቲት 19

ዝናብ የለም፣ ነፋስ ብቻ። ሌቭሉ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ከአርባ ንባብ አሥራ ሁለቱን ደገምኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ የርክክብ ደብተሩን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ከተለዋጬ ጋር የምንነጋገረው በዚህ ደብተር ነው። እኔ ክፍል ስገባ እሱ እዚህ ይመጣል፣ እኔ ስመለስ እሱ ይሄዳል። ለሁለት አንድ የሥራ ቦታ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ቁም ሳጥን። በዓመት አራት ጊዜ፣ በርክክብ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እንተያያለን። ሳይቱ ላይ ስማችንን ለመያዝ የደከመ የለም፤ እሱም ተማሪ፣ እኔም ተማሪ።

በጠራ ጽሑፉ፦ "የወንበሩ ግራ እግር ይወዛወዛል። ካርቶን አድርጌበታለሁ።"

እኔ ከሦስት ወር በኋላ፦ "ካርቶኑን አይጥ በልታዋለች።"

እሱ፦ "እንግዲህ አይጧን ተረክበሻል።"

እትዬ ስለ እሱ የነገረችኝ ግን አያስቅም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ታሞ ተኝቶ አንድ የሥራ ተራ ወድቆበት በዕረፍት ጊዜው ደግሞ አካካሰው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አንድ ተራ የወደቀ ይደግማል፣ ሁለት የወደቀ ይሰናበታል። "ባንድ እግሩ የቆመ ልጅ ነው" አለች።

እማ ዛሬም ጉልበቷ አብጧል። ቀኑን ሙሉ የስፌት ማሽን ስትረግጥ ትውላለች፣ የሆስፒታል አንሶላና ጋዎን። "መስከረም ላይ ትመረቂያለሽ፣ መስከረም ላይ ማሽኔን እከድናለሁ" አለችኝ። ሰባት ወር። ሰባት ወር ምን አላት?

የካቲት 24

የሲሚንቶ መኪና ሲያፈገፍግ የመጋዘኑን ጥግ ምልክት ረገጠው። ያ ሰውዬ መስታወት የለውም? ምልክቱ ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው፤ ግቢው ውስጥ ከፍታ የሚለካው ከእሱ ተነስቶ ነው። እሱ ከዋሸ ሁላችንም እንዋሻለን።

ጋሼ፣ ዋና ቀያሹ፣ ሳምንቱን ዋናው ቢሮ ናቸው። እኔና እትዬ ቆፍረን ብረቱን እንደገና ተከልነው፣ ሲሚንቶ ሞላንበት። ሲደርቅ ካልተነካው የመንገዱ ዳር ምልክት ተነስቼ ለካሁት። ሄጄ ተመለስኩ፣ ሁለት ጊዜ። አንድ ዓይነት መጣ። የድሮው ከፍታ 52.48 ነበር። አዲሱ 52.16። ሠላሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል።

52.16። ይኸው አሰመርኩበት፣ ሁለት ጊዜ። ጋሼ ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ። አሁን ከጭንቅላቴ ወጣልኝ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ላንቀላፋ... ከጎኔ ያለው ሰውዬ ቀድሞኝ እያንኮራፋ ነው።

የካቲት 26

ጋሼ ተመለሱ። ጉንፋን ይዟቸዋል። ደህና ዋልሽ ሳይሉ "የወሩ ሪፖርት ዛሬውኑ!" ስጽፍ ዋልኩ። ጣቴ ደነዘዘ።

የካቲት 30

ርክክብ። ተለዋጬ ከስቷል። "ክፍል ነው ያከሳህ?" አልኩት። "አንቺን ሥራ አከሳሽ፣ እኔን ክፍል። ሲደመር አንድ ወፍራም ሰው ይወጣናል" አለ።

ቁልፉን ሰጠሁት፣ ሌቭሉን ፈትሾ ፈረመ። የዝናቡን ውሃ ከቤቶቹ ወደ መንገድ ከሚያወጣው የፍሳሽ ቱቦ በመንገዱ በኩል ያለውን ግማሽ እኔ ጨርሻለሁ፣ ከቤቶቹ በኩል ያለው ግማሽ የእሱ ነው። እስክሪብቶውን እንደያዘ "ሌላ የተቀየረ ነገር አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ኧረ የለም። ሁሉም እንደነበረ ነው።"

ፈረምኩ። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር።

መጋቢት 6

ክፍል። ወንበሩ አይወዛወዝም። መምህሩ ስለ አፈር ጥንካሬ ሁለት ሰዓት አወራ። አፈሩን እኔ ጫማዬ ላይ ይዤው መጥቻለሁ፣ ቢጠይቀኝ አሳየው ነበር። ከፊቴ ያለው ልጅ ተኛ፣ ከኋላዬ ያለችውም። እኛ ጣምሮች ከሌሎቹ የምንለየው ዓይናችንን ገልጠን መተኛት በመቻላችን ነው።

መጋቢት 28

ፈተና። ልብስ ማጠብ። ፈተና።

ሚያዝያ 17

የተመራቂዎች ዝርዝር ወጣ። ስሜ አለ። ተለዋጬም አለ፣ ከእኔ ሦስት ስም ዝቅ ብሎ። ለእማ ነገርኳት። ማሽኑን አቁማ እጄን ያዘች። ከዚያ ለጎረቤት ልትናገር ወጣች፤ ጉልበቷ ሲያማት ደረጃ የማትወርደው ሴትዮ!

ግንቦት 21

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ። ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ደወለች።

"ተማሪ፣ ያ ልጅ ጉድ ሆነ።"

"የትኛው ልጅ?"

"ያንቺው ግማሽ ነዋ! ውሃው ወደ መንገድ መሄዱ ቀርቶ ወደ ቤቶቹ ተመለሰ። የታችኞቹ ክፍሎች ወለል ሁሉ ውሃ ገባው። ጋሼ በሰው ሁሉ ፊት ዕውር ብለው ሰደቡት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ምን ይበል? ዘንጉን አቁሚልኝ አለኝ። ለካ። ደግሞ ለካ። አምስቴ አስቆመኝ። እሱ የዘረጋው ቱቦ ሠላሳ ምናምን ሴንቲ ዝቅ ብሏል አሉ። ግንበኛው ተማሪው ባሳየኝ ምልክት ነው የሠራሁት ይላል።"

"አይ ዕድሉ..." ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ሠላሳ ምናምን። ይሄን ቁጥር የት ነው የማውቀው? ምሳዬን አልበላሁም።

ግንቦት 22

ይህን ደብተር ወደ ኋላ አነበብኩት። የካቲት 24። 52.16። ሁለት ጊዜ የተሰመረበት።

በዚህ ደብተር። በእኔ ደብተር! የርክክቡ ላይ ምን ጻፍኩ? "ሲሚንቶ ገባ፣ ሰማንያ ከረጢት ወረደ።" አለቀ። ምልክቱን እዚህ ስለጻፍኩት የጻፍኩት መስሎኛል። እጄ ጽፏል፣ ልቤ አርፏል። ለጋሼም አልነገርኩም። እሱ "ሌላ የተቀየረ ነገር አለ?" ሲለኝ ደግሞ... "ሁሉም እንደነበረ ነው።"

ልጁ ምልክቱን 52.48 ብሎ ተነሳ። ሠላሳ ሁለት ሴንቲ። ሲለካ ልክ ነበር። አንድም ቦታ አልተሳሳተም።

ለምን ከመንገዱ ዳር ምልክት ጋር አላመሳከረም? ማመሳከር ነበረበት፣ ቀያሽ አይደለም እንዴ? እትዬ ጋ ደወልኩ። የመንገዱ ዳር ምልክት ከመጋቢት ጀምሮ ጠጠር ተደፍቶበታል። ሦስት መኪና ጠጠር። እሺ፣ ጠጠሩን ማስነሳት ይችል ነበር... ይችል ነበር? ማን ይሰማዋል፣ ተማሪን?

"ለእሱ ለምን አልነገርሽውም፣ ምልክቱ መረገጡን?" አልኳት።

"ጽፈሽዋል ብዬ ነዋ! እኔ ዘንግ ያዝኩ እንጂ ቁጥር ያዝኩ?"

ግንቦት 23

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም አልኩ።

ግንቦት 25

ኮሌጅ ውስጥ፣ የሥራ ተራችን አስተባባሪዋ ቢሮ በር ላይ ተለዋጬን ተቀምጦ አየሁት። ጭቃ የነካው ጫማውን ከወንበሩ ሥር ደብቆታል። ድርጅቱ ተራውን "ወድቋል" ብሎ ሞልቶ ልኳል ተባለ። ሁለተኛው መሆኑ ነው።

ወደ እኔ ሊዞር ሲል ተመለስኩ። በዚያኛው ደረጃ ዞሬ ወረድኩ። አራት ፎቅ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው? ገና ካሁኑ እግሬ መሸሽን ለመደ።

አሰብኩት። ብናገር የእኔ ተራ ይወድቃል። የመጨረሻ ዓመት ላይ ማካካሻ ዕረፍት የለም፤ እደግማለሁ፣ መስከረም ላይ አልመረቅም፣ ለከርሞ ነው። ዝም ካልኩ እሱ ይባረራል። እኔ የማጣው አንድ ዓመት፣ እሱ የሚያጣው አምስት። ሂሳቡ እኮ ቀላል ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሠራዋል።

ግን እማ...

ግንቦት 28

እማ፦ "ምን ሆነሻል?"

"ድካም ነው።"

"ድካምሽን አውቀዋለሁ፣ አምስት ዓመት አብሮን በልቷል። ይሄ ሌላ ነው።"

ሰኔ 1

ርክክብ። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። አውቶቡስ ውስጥ ቃሉን ስለማመደው ነበር።

ቁልፉን ሰጠኝ። ሌቭሉን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ በሽተኛ እንደሚያስተኙት።

"የመጋዘኑን ምልክት አትመኚው" አለ። "ወይም እኔን አትመኚ። አንዳችን ዋሽተናል። ዐሥር ጊዜ ለክቼዋለሁ፣ ከዚያ ከተነሳሁ ልክ ነኝ። ዓይኔን አስመረመርኩ።"

"ምን አሉህ?"

"ጤነኛ ነው አሉኝ። ሌላ ሐኪም ጋ ልሂድ?"

አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ላይ ነበር፣ እምላለሁ። የወጣው ግን "ጃንጥላህን ረሳህ" ነው። አመስግኖኝ ያዘና ሄደ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነስቼ ጋሼ ጋ ገባሁና እንደ ጎርፍ ለቀቅኩት፤ መኪናውን፣ ብረቱን፣ 52.16ን፣ ደብተሩን። ሰምተው ሲጨርሱ ተነስተው በሩን ዘጉ።

"ይሄን ማን ያውቃል?"

"እኔና እትዬ።"

"እሷ ዘንግ ነው የምታውቀው።" ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አሹ። "አዲሱን ሲሚንቶ አይቼዋለሁ። የምልክቱን እግር። መጋቢት ላይ። ልጠይቅ አስቤ... አልጠየቅኩም። ምልክት ማመሳከር የማን ሥራ ነው? የእኔ። ጡረታዬ ሦስት ወር ነው የቀረው፣ ልጄ። ያንቺም ምረቃ እንደዚያው። ልጁ ወጣት ነው፣ ሌላ ነገር ይማራል። ወጣት ሲወድቅ ይነሳል፣ እኔ ብወድቅ ማን ያነሳኛል?"

እንዲህ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም። ሁልጊዜ የሚጮሁ ሰው ናቸው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"እሺ" አልኩ።

እሺ አልኩ!

ሰኔ 2

ቀኑን ሙሉ ከጋሼ ጋር አልተያየንም። ሻይ ላኩልኝ። ሁለት ስኳር፣ እንደምወደው። ጠጣሁት። ከዚያ ተጉመጥምጬ ተጉመጥምጬ አፌ አልጠራ አለኝ።

ሰኔ 3

ከሳይት ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ሐኪም ቤት ብዬ። ውሸት። ኮሌጅ ሄድኩ።

አስተባባሪዋ ከፋይል ቁልል ኋላ ናት፤ ድምጿ ብቻ ይሰማል። ይህን ደብተር ገልጬ አስቀመጥኩላት። የካቲት 24። አነበበችው። ከዚያ እንደገና፣ ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች።

"ሌላ ማስረጃ አለ?"

"ይሄ ነው ያለኝ።"

"ይሄ ደግሞ ማንኮራፋት የሚለው ምንድን ነው?"

"አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰውዬ ነው።"

አልሳቀችም። ፎቶ ኮፒ አስነሳችው። እንግዲህ ያ ሰውዬ ከነማንኮራፋቱ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ለማንም አላሳይም ብዬ የምጽፈው ደብተር... ገጹ ማሽኑ መስታወት ላይ ሲተኛ እኔ የተገለጥኩ መሰለኝ።

"ባታመጪው ማንም አያውቅም ነበር" አለችኝ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አመጣሽው?"

የሚያምር መልስ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ። "ደክሞኝ ነው" አልኳት። ያ ነበር እውነቱ። አንድ ተጨማሪ ነገር መሸከም አልቻልኩም።

ስለ ጋሼ ጠየቀችኝ። የነገሩኝን ነገርኳት። እሱ ነው የከበደኝ። በሻዩ ምክንያት።

ሰኔ 4

ለእማ ነገርኳት። ማሽኑን አላቆመችም። መርፌው ይወጣል ይገባል፣ እኔ አወራለሁ። ስጨርስ አቆመች።

"ለምን ነገርሻቸው?"

"እማ..."

"ለምን ነገርሻቸው! ማን ጠየቀሽ? እኔ እዚህ ጉልበቴን ስፈጅ፣ አንቺ እዚያ ቅድስት ልትሆኚ?"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ተቆጥታ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ወይ ትቆጣለች፣ ወይ ታለቅሳለች እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ... ራት ሳንበላ እያንዳንዳችን ወደ ጥጋችን ሄድን።

ሰኔ 6

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ አመሻሽ ላይ ክር ልስጣት ስጠጋ፣ ቀና ሳትል፣

"ያ ልጅ እናት አለችው?"

"አለችው።"

ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረች። ተቀብያት አስገባሁላት። ከዚያ ማሽኑን ረገጠችው።

ሰኔ 9

ውሳኔው መጣ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሠራሁት ተራ ተሰርዟል። እደግማለሁ። መስከረም ላይ የለሁበትም፣ ምረቃዬ ለከርሞ ነው። የእሱ "ወድቋል" ተነስቷል። ጋሼ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ጡረታቸውን አልነኩባቸውም። ተመስገን። ዛሬ በአጠገቤ ሲያልፉ "ተማሪ" አሉኝ። ልጄ ማለት ቀረ።

ድርጅቱ አንድ ነገር ጠይቋል፤ የዚህ ተራ ክፍል ዘግይቶ ስለሚከፈት እሱ እስኪጀምር ሁለት ሳምንት አለ፣ በዚያ ጊዜ ሁለቱም ተማሪዎች በአንድ ላይ ቱቦውን እንደገና ይዘርጉ። ሁለታችንም። በአንድ ላይ። አምስት ዓመት ሙሉ ሆኖ አያውቅም።

ሰኔ 13

አንድ ወንበር ነው ያለው። ጠዋት ስንገባ ሁለታችንም አየነው። ማንም አልተቀመጠም።

ግንበኛው ከጉድጓዱ ውስጥ "ተማሪ!" ብሎ ሲጣራ ሁለታችንም ዞርን። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኛ አልሳቅንም።

እስከ ምሳ አላናገረኝም። ቆፋሪዎቹ ሲያርፉ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

"ርክክብ ቀን ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ዓይኔን አስመረመርኩ ስልሽ።"

"አዎ።"

"ጃንጥላህን ረሳህ አልሽኝ።"

"ይቅርታ አድርግልኝ።"

"የትምህርቱን ነገር ተይው፣ እሱ ተመለሰ።" ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ቢጮህ እመርጥ ነበር። "ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዴ ቀኝ ዓይኔን፣ አንዴ ግራዬን እየሸፈንኩ የሱቅ ማስታወቂያ ሳነብ ነው የከረምኩት። መንገድ ስሻገር የመኪናውን ርቀት አላምንም። እናቴ ስንት ሰዓት ነው ስትለኝ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አያለሁ። እሱን ማን ይመልስልኛል?"

እኔ ያጠፋሁት አንድ ቁጥር ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ 15

ጠጠሩ ተነሳ። የመንገዱ ዳር ምልክት እንዳለ ነው። ከእሱ ተነስተን ነው የምንለካው።

እኔ አነባለሁ። እሱ ይጽፋል። ከዚያ መጥቶ "አንዴ" ይለኛል፤ ገለል እላለሁ፤ ራሱ ያያል። ከዚያ ነው ቀጥሉ የሚለው። እያንዳንዷን። አንድም አላለፈም። በመጀመሪያው ቀን ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ምን አባቱ፣ ሌባ ነኝ? ብዬ። ከዚያ... ምን መብት አለኝ?

በቀን ስምንት ሜትር። እትዬ ስታፉን አቅፋ፣ "እኔ ዘንግ ያዥ ነኝ ወይስ ዛፍ? ሥር ልሰድ ነው እኮ!" አለች።

ሰኔ 20

ዝናብ። ሥራ ቆመ። ሦስታችንም የሳይቱ ቢሮ ውስጥ ተጠለልን። እትዬ ገብታ ወንበሩ ላይ ተደላደለች። "እናንተ ተኳርፋችሁ ወንበሩ ይቀዝቅዝ እንዴ?" እኛ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ።

ዳቦ ነበረኝ። ለሦስት ቆረስኩት። ተቀበለኝ። ሲበላ ዓይኔን እንዳያይ ወደ ደጅ ያያል። ከቤቶቹ በኩል ያለው ውሃ ገና ወለሉ ላይ ተኝቷል። ከዚያ በድንገት ወንበሩ ከእትዬ ሥር ተወዛወዘና "ኡ ኡ!" አለች። ሳቀ። እኔ ቀድሜ አልሳቅኩም፣ እንዳይተው ፈርቼ።

ሰኔ 26

የመጨረሻው ማንሆል፤ ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት ጉድጓድ ማለት ነው። ነገ እሱ ክፍል ይገባል። እኔ የተሰረዘውን ተራዬን እዚሁ እደግማለሁ፣ ከአዲስ ተለዋጭ ጋር። ማን እንደሆነ ገና አልነገሩኝም።

ከሰዓት በኋላ የቀረን አንድ ንባብ ብቻ ነበር። እትዬ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ስታፉን አቆመች። አየሁ። "አንድ ነጥብ አራት ሰባት" አልኩ።

ጻፈ። ደብተሩን ዘጋ። "በቃ፣ ውጪ እትዬ" አለ።

መነጽሩ ጋ አልመጣም። ጠበቅኩት፣ አልመጣም። አመነኝ ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት የጠበቅኩት ይሄንኑ አልነበር? ዝም ብዬ ሌቭሉን ልፈታ እጄን ዘረጋሁ...

"ድገመው" አልኩት።

"አይተሽዋል አይደል?"

"አይቼዋለሁ። ደክሞኝ ነው ያየሁት። ድገመው።"

ከታች እትዬ፣ "ኧረ በፈጠራችሁ!" አለች።

መጣ። ጎንበስ አለ። ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ ነው ያየው፣ ሳይሸፍን። ቆየ። "አርባ ስድስት" አለ። "አንድ ነጥብ አራት ስድስት።"

እኔም አየሁ። አርባ ስድስት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንድ ሴንቲ። ደብተሩን ከፈተ፣ ሰባቱን በአንድ መስመር ሰረዘና ስድስት ጻፈ፣ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረ። ከጎኑ ፈረምኩ። ከእኔ በታች እሱ ፈረመ። ሁለት በርሜል ውሃ ከቤቶቹ በኩል ለቀቅንበት፤ ወደ መንገዱ ሄደ። እትዬ አጨበጨበች። እኔ ግን የማስበው ያቺን ሰባት ነበር። አላፈርኩባትም። ይገርማል...

ቤት ስገባ እማ ማሽኑ ላይ ናት።

"ዛሬም ተሳሳትኩ" አልኳት።

"ማን አየው?"

"እሱ። ድገመው ብዬው።"

"ጥሩ" አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።